ሲጨምሩበት የሚላላ ሞላ

የነሐሴ ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ውሎ አመሻሹ ላይ ጭራሽ ባሰበት። በልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የሚጫወት ልጅ የለ፣ ልብስ የሚያሰጣ የለ፤ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። በዚያ ዝናብ ደጅ የነበሩት አቶ ባጫ ብቻ ናቸው። ከመኪና ማቆሚያው የቆርቆሮ ጥላ ሥር የጎረቤታቸው የሙከሚል ዕቃ መጫኛ መኪና የኋላ በሯ ተከፍቶ ቆማለች፤ እሳቸው ግማሽ አካላቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ከብረት ጋር ይታገላሉ።

አቶ ባጫን የማያውቅ ካለ ላስተዋውቀው። ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ የባሌስትራ ሠራተኛ ናቸው። ባሌስትራ ማለት በመኪና ሆድ ሥር አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ የሚታሰር፣ ጭነቱን ተሸክሞ የመንገዱን ክፋት የሚያበርድ ዝርግ ብረት ነው። አንድ ሹፌር መጥቶ "ጋሼ፣ መኪናዬ ከኋላ ተቀመጠችብኝ" ሲላቸው መልሳቸው ያው አንድ ነው፤ "ጨምርበት!" አንድ ዝርግ ይጨመራል፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትነሳለች፣ ሹፌሩም መርቆ ይሄዳል። በዚያ ሰፈር "ጨምርበት" እንደ ሰላምታ ነው። አቶ ባጫም ይህን ቃል ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩት ኖረው አንድም ቀን አሳፍሯቸው አያውቅም ነበር። መከራው የመጣው ቃሉን ከባሌስትራ ቤት አንስተው ወደ ሚስታቸው አልጋ ይዘውት የገቡ ዕለት ነው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮከቤ የጀርባ አጥንታቸውን ክፉ በሽታ ይዟቸው ከተኙ ከራርመዋል። ሐኪሞቹ እየተመላለሱ የሚወስዱት የጨረር ሕክምና አዘዙላቸው። መቀመጥ አይችሉም፤ ታክሲ የማይታሰብ ነው። አቶ ባጫ ይህን ሲያዩ በሙከሚል መኪና ውስጥ ከጣራው ላይ በአራት ማዕዘን በሞላ የሚንጠለጠል የብረት አልጋ ሠሩ። ሞላ ያልኩት እንደ ቀለበት እየተጠቀለለ የተሠራውን፣ ሲስቡት ረዝሞ ሲለቁት የሚመለሰውን ሽቦ ነው። "በአየር ላይ ትሄዳለች" አሉ ደስ ብሏቸው። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ማን ይነቅፈዋል? ነገር ግን መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር አልጋው እስከ ወለሉ ይወርድና ጓ! ብሎ ብረት ከብረት ይጋጫል፤ በመካከሉ ያለው ደግሞ የታመመ አጥንት ነው።

አቶ ባጫ ታዲያ ምን አሉ? ጨምርበት። መጀመሪያ ለስላሳ ሞላ ነበር ያሰሩት። እሱ አልበቃ ሲል በጭራው መካከለኛ ሞላ አንጠለጠሉ። እሱም አልበቃ ሲል ከዚያ ሥር ከከባድ ማሽን የወጣ ደንዳና ሞላ ቀጠሉበት። አልጋው ዝቅ ሲል ሰንሰለቱን ያሳጥሩና ከፍ ያደርጉታል፤ ቆሞ ሲታይ የተስተካከለ ይመስላል። መንገድ ላይ ግን ከቀድሞው የባሰ ይጋጫል።

ባለፈው ከሆስፒታል ሲመለሱ ወይዘሮ ኮከቤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ "ባጫዬ፣ የሚቀጥለውን ልሞክርልህ። እንዳለፈው ካደረገኝ ግን ሁለተኛ ከዚህ ቤት አታውጡኝ። እዚሁ ልሙት" አሉ። ሐኪሙ ደግሞ ሕክምናው መሀል ላይ ከተቋረጠ በሽታው ሽቅብ ወጥቶ እጃቸውንም እንደሚይዘው ተናግሮ ነበር። እንግዲህ አቶ ባጫ በዝናብ ውስጥ የሚታገሉት ለዚያች ለነገዋ መንገድ ነው። በእጃቸው አራተኛ ሞላ ይዘዋል።

ከሜክሲኮ አደባባይ ስትመጣ ዝናቡ ጥላዋን የገለበጠባት አንዲት ወጣት ወደ ቆርቆሮው ሥር ሮጣ ገባች። ኢሊሊ ናት። ከእነ አቶ ባጫ በላይ ባለው ወለል ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ ፊዚክስ ታስተምራለች።

"ደህና አመሹ ጋሼ?" አለች ፀጉሯን እያራገፈች።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ፣ ግቢ ልጄ፣ ራስሽ እኮ ረሰረሰ።"

"እትዬ ኮከቤ እንዴት ናቸው?"

"አለች" አሉ አቶ ባጫ። ሰው "አለች" ብቻ ብሎ ሲተው ምን ማለት እንደሆነ የታመመ ያለበት ሁሉ ያውቀዋል። ኢሊሊም አልጨቀጨቀቻቸውም።

"ምን እየሠሩ ነው?"

"አንድ ሞላ ልጨምርበት ነው። ሦስቱ አልበቃ አሉ፤ ጭነቱን አልቻሉትም። አራተኛ ሲደረብ አርፎ ይቀመጣል።"

ኢሊሊ አንገቷን ወደ መኪናዋ አስግጋ አየች። በየማዕዘኑ ሦስት ሦስት ሞላ፣ የአንዱ መንጠቆ በሌላው ጭራ ውስጥ ገብቶ፣ እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥሎ ተንጠልጥሏል። ያየችውን ልትናገር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰና መልሳ ዋጠችው። ታላቅን፣ ያውም በገዛ ሙያው፣ ማረም በኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ዝም ብላ ወደ ቤቷ ብትወጣ ማንም አይወቅሳትም ነበር። ሆኖም የወይዘሮ ኮከቤን ሲቃ ከደረጃው ላይ ሰምታው ታውቃለች።

"ጋሼ፣ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝና፣ ይህ አራተኛው ሞላ ይብስባቸዋል።"

አቶ ባጫ ከመኪናዋ ሆድ ቀስ ብለው ወጡ።

"ምን አልሽ?"

"ይብስባቸዋል ነው ያልኩት። በጨመሩ ቁጥር አልጋው ይላላል፤ አይጠነክርም።"

"አይ ልጄ!" አሉ፤ ሳቁ ነገር ግን ሳቃቸው ደስታ አልነበረበትም። "አንቺ ገና ሳትወለጂ እኔ ብረት እቀጠቅጥ ነበር። ስንት ጭነት መኪና ወገቡ ጎብጦ መጥቶልኝ አቅንቼ ሰድጃለሁ! ብረት ሲጨመርበት ጠነከረ እንጂ ላላ የሚባል ነገር ከማን ሰማሽ? ወረቀት ላይ እንደሆነ እንጃ። ወረቀት ደግሞ የተጻፈበትን ሁሉ ይችላል።"

"እውነትዎን ነው፤ ወረቀት ሁሉን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን እንተወውና በእጅዎ ይዩት። ባሌስትራ ላይ ሲጨምሩ መኪናው እንደሚጠነክር እኔም አምናለሁ። ግን ባሌስትራውን እንዴት አድርገው ነው የሚጨምሩት?"

"እንዴት ይሆናል? አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ አስራለሁ።"

"ያ ማለት ሁሉም ጎን ለጎን ሆነው አብረው አንዱን ጭነት ይካፈላሉ። እያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻው ብቻ ነው። እዚህ ግን አንዱን በአንዱ ጭራ አንጠለጠሉት። እስቲ ይንገሩኝ፣ የላይኛው ሞላ ስንቱን ነው የሚሸከመው?"

"ከታቹ ያለውን ሁሉ።"

"መካከለኛውስ?"

"እሱም ከታቹ ያለውን..." አቶ ባጫ ትንሽ አሰብ አደረጉ። "ያው አልጋውን።"

"የታችኛውስ?"

"አልጋውን ነዋ! ምን ታደርቂኛለሽ?"

"ስለዚህ ማን ማንን አገዘው ጋሼ? ሦስቱም ሙሉውን ጭነት ተሸከሙ። ማንም ከማንም አልተካፈለም። ሁለት ሰው አንድ ጆንያ ግራና ቀኝ ይዘው ቢያነሱት ይቀልላቸዋል። አንዱ ጆንያውን ይዞ ሌላው ትከሻ ላይ ቢወጣ ግን ማን ቀለለው?"

አቶ ባጫ ቀና ብለው ተቀጣጥሎ የተንጠለጠለውን አዩት። ቢሆንም ገና አልተረቱም ነበር፤ የሰው ልጅ የኖረበትን በአንድ ምሳሌ ጥሎ አይነሳም፣ ሊነሳም አይገባውም።

"እሺ፣ አይተጋገዙም እንበል" አሉ። "ቢያንስ ደንዳናው ሞላ ለስላሳውን ያጸናዋል። ኃይለኛ ከደካማ ጋር ሲታሰር መሀል ላይ ይገናኛሉ። ለዚህ ብዬ እኮ ነው ያንን ደንዳና ፍለጋ መርካቶን ስዞር የዋልኩት።"

"እንሞክረዋ! ከአንዱ ማዕዘን ሦስቱን ይፍቱልኝና እንስቀላቸው። መለኪያ ሜትር አለዎት አይደል?"

"ሜትር ከኪሴ አይለይም" አሉ አቶ ባጫ ቅር እያላቸው። አልጋውን በጣውላ ደግፈው ሦስቱን ሞላ ፈቱ። ኢሊሊ ከግቢው ቧንቧ ጀሪካን ሙሉ ውሃ እየተንገዳገደች አመጣች።

"ይህ ሃያ ሊትር ነው፤ ሃያ ኪሎ ማለት ነው" አለች። "አልጋውና ፍራሹ ከእትዬ ኮከቤ ጋር ሰማንያ ኪሎ ግድም ቢሆኑ፣ በአራት ማዕዘን ሲካፈል ለአንዱ ማዕዘን የሚደርሰው ይኸው አንድ ጀሪካን ነው።"

የቆርቆሮውን ጣራ ከያዘው ብረት ላይ መጀመሪያ ለስላሳውን ሞላ ሰቀሉና ጀሪካኑን አንጠለጠሉበት። አቶ ባጫ ለኩ፤ አሥር ሴንቲ ወረደ። መካከለኛውን ለብቻው ሰቀሉ፤ አራት ሴንቲ። ደንዳናውን ሰቀሉ፤ እሱማ አንድ ሴንቲ ብቻ ወርዶ ቀጥ አለ። አቶ ባጫ ደንዳናውን ሞላ በኩራት መታ መታ አደረጉት።

"አሁን መካከለኛውንና ደንዳናውን እንቀጥላቸው" አለች ኢሊሊ። "ከመስቀላችን በፊት ይገምቱ፤ ስንት ይወርዳል?"

"አንዱ አራት፣ አንዱ አንድ። ኃይለኛው ሲያግዘው..." አገጫቸውን አሻሹ። "ሁለት ተኩል። ቢበዛ ሦስት።"

ሰቀሉት። አቶ ባጫ ለኩ። ሜትሩን ጠቅልለው ዘርግተው እንደገና ለኩ። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ለኩ።

"አምስት" አሉ ድምፃቸው ቀነስ ብሎ።

"አምስት። አራትና አንድ። መካከለኛው ብቻውን ሲሆን አራት ነበር የወረደው፤ ያን ደንዳና ጎበዝ ሲቀጥሉበት ጭራሽ ወደ አምስት ወረደ። ጋሼ፣ ጫፍ ለጫፍ የተቀጣጠሉ ሞላዎች ከሁሉም ደካማ ከሆነው ይልቅ ይደክማሉ። መሀል ላይ አይገናኙም።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አቶ ባጫ ከዚያ በኋላ ሦስቱን አንድ ላይ ልስቀል አላሉም። መስቀልም አላስፈለጋቸውም፤ እጃቸው ላይ ያሉትን ሞላዎች አንድ በአንድ እያዩ ለራሳቸው ቆጠሩ። "አሥር... አራት... አንድ። አሥራ አምስት።" መጀመሪያ፣ በለስላሳው ብቻ፣ አሥር ነበር። እሳቸው "ላግዛት" ብለው አራት ጨመሩ። "ላጽናላት" ብለው አንድ ጨመሩ። አሁን ደግሞ አራተኛ ሞላ ሊጨምሩ ተነስተው ነበር። አልጋውን በደገፉበት ጣውላ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

"እና እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኋት?" አሉ።

ኢሊሊ መምህር ናት፤ ተማሪ ሲገባው ደስ ይላታል። ይህን ፊት ስታይ ግን ደስታ አልመጣላትም። ከጎናቸው ተቀመጠች።

"በሽታው ነው ያሳመማቸው ጋሼ። እርስዎ ሊረዷቸው ነው የደከሙት።"

"አታባብዪኝ። ጨርሰሽ አስረጂኝ። ባሌስትራዬስ? እሱም ውሸት ነው?"

"ኧረ በፍጹም! ይልቅ ይነሱ፣ እሱንም እንየው።" ከሌላው ማዕዘን ሁለተኛ መካከለኛ ሞላ አስፈትታ ሁለቱን መካከለኞች ጎን ለጎን ሰቀለችና ጀሪካኑን በመሀላቸው አንጠለጠለች። ሁለት ሴንቲ ብቻ ወረደ። "ይኸው ባሌስትራዎ! ጎን ለጎን ሲሆኑ ጭነቱን ለሁለት ተካፈሉት። የኖሩበት ሙያ እውነት ነው፤ ቦታውን ነው የሳተው።"

"ታዲያ ሁሉንም ጎን ለጎን ላድርጋቸዋ! ይጠንክርላት!"

"እንደዚያ ከሆነ ደግሞ አልጋው አይንቀሳቀስም፤ መኪናው ወለል ላይ እንደ መተኛት ይሆንባቸዋል፣ እያንዳንዷ ጠጠር ትሰማቸዋለች። በጣም ሲላላም ይጎዳል፣ በጣም ሲጠነክርም ይጎዳል። ለዚህ ነው መለካት የሚያስፈልገው። እትዬ ኮከቤ ተኝተውበት አልጋው ከወለሉ ስንት ይርቃል?"

"ዘጠኝ ሴንቲ።"

"መኪናው ክፉ ጉድጓድ ሲገባ ለአፍታ ጭነቱ እጥፍ የሆነ ያህል ይወርዳል እንበል፤ ሌላ አንድ ጀሪካን የተንጠለጠለበት ያህል። በሦስቱ ቅጥል ሌላ አሥራ አምስት ሴንቲ ሊወርድ ይፈልጋል፤ ያለው ክፍተት ዘጠኝ ነው..."

"ጓ!" አሉ አቶ ባጫ።

"ለስላሳውን አውጥተው መካከለኛውንና ደንዳናውን ብቻ ቢያስቀሩስ?"

አቶ ባጫ በጣታቸው ቆጠሩ። "አምስት ይወርዳል። ከዘጠኝ አራት ይተርፋል። አይነካም!"

"አይነካም። ይወዛወዛል ግን አይነካም። ያ የምንፈልገው ልክ ነው። ሌላ ጊዜም ሞላ ሲቀጥሉ ጥንካሬያቸውን አይደምሩ፤ ውርዳቸውን ነው የሚደምሩት። ጭነቱን ለጠቅላላው ውርድ ሲያካፍሉት የቅጥሉ ጥንካሬ ይወጣልዎታል። መካከለኛው ሃያ ኪሎ ለአራት ሴንቲ፣ በሴንቲ አምስት ኪሎ ይችላል። ደንዳናው በሴንቲ ሃያ። ሁለቱ ሲቀጠሉ ግን ሃያ ኪሎ ለአምስት ሴንቲ፣ በሴንቲ አራት ኪሎ ብቻ። ሦስቱ ሲሆኑ ሃያ ለአሥራ አምስት፤ አንድ ከሲሶ።"

"አንድ ከሲሶ!" አቶ ባጫ ራሳቸውን ያዙ። "ያን ሁሉ ብረት ሰቅዬ አንድ ከሲሶ!"

"እኛ ክፍል ውስጥ ይህንኑ የእያንዳንዱን ጥንካሬ ገልብጠን እንደምራለን። አንድ ሁለተኛ፣ አንድ አምስተኛ፣ አንድ ሃያኛ፤ ድምሩ ሦስት አራተኛ ይመጣል። መልሰን ስንገለብጠው አራት ሦስተኛ ይሆናል፤ ያው አንድ ከሲሶ ነው። እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ? ተማሪዎቼ ይህን ፈተና ላይ ሸምድደው ይጽፉታል፤ ሞላ በእጃቸው ይዘው የሚያውቁ ግን ጥቂት ናቸው። እኛም ብንሆን ይህን ነገር ሰሌዳ ላይ ጥለነው ነው የምንወጣው፤ ጠመንጃ ያዥ ድረስ ይዘነው አንወርድም።"

አቶ ባጫ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ቀለል አላቸው። ሁለቱም ለስላሳዎቹን ሞላዎች እየፈቱ መሬት ላይ መጣል ጀመሩ። ዕድሜ ልኩን ሲጨምር ለኖረ ሰው መቀነስ እጅ ያስራል፤ በየማዕዘኑ አንዱን ሲፈቱ ጎናቸው የጎደለ ያህል እየተሰማቸው ነበር። ሰንሰለቱን አስረዝመው አልጋውን በቀድሞው ከፍታ ካሰሩት በኋላ ጀሪካኖች ሞልተው ጭነው አወዛወዙት፤ ወለሉን አልነካም።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች ኢሊሊ እጇን በእራፊ ጨርቅ እየጠረገች። "ሁለተኛውን ሞላ የጨመሩ ጊዜ እትዬ ኮከቤን ተሻለሽ ወይ ብለው ጠይቀዋቸው ነበር?"

"እንዴ! የታመመ ሰው እንዲህ ይጠየቃል እንዴ? አይዞሽ ይባላል እንጂ፣ እንዴት አመመሽ ብሎ ሕመሟን ማስታወስ ምን የሚሉት ነው? እኛ እንደዚያ አላደግንም።"

"ይጠየቃል ጋሼ። ሜትሩ ሞላውን ይለካል፤ የእሳቸውን ጀርባ የሚለካልን ግን ከእሳቸው በቀር ማንም የለም። ያኔ ጠይቀዋቸው ቢሆን ሦስተኛውን አይጨምሩም ነበር ይሆናል።"

አቶ ባጫ ቀና ብለው አዩዋት። ሊቆጡ ነው ብላ ፈራች። እሳቸው ግን መሣሪያቸውን ሰበሰቡና፣ "ተባረኪ ልጄ። ሂጂ አሁን፣ ብርድ መታሽ" ብለው አሰናበቷት።

በማግስቱ ሰማዩ እንደ አመድ ነበር። ጎረቤት ተረባርቦ ወይዘሮ ኮከቤን በደረጃው አወረዳቸው። ሙከሚል መኪናውን አስነሳ። ኮብልስቶኑ ላይ ሲደርሱ አቶ ባጫ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ጠበቁ፤ አልመጣም። ውሃ ያቆረው ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ አልጋው ወረደ፣ ተነሳ፣ ተወዛወዘ፤ ብረት ብረትን አልነካም። ወይዘሮ ኮከቤ ግን ዓይናቸውን ከጣራው ላይ አልነቀሉም፤ ደህና ይሁኑ አይሁኑ ከፊታቸው አይነበብም።

እሳቸውን ወደ ሕክምናው ክፍል ካስገቡ በኋላ አቶ ባጫና ሙከሚል ግቢው ውስጥ ጥላ ፈልገው ቆሙ።

"ጋሼ፣ ዛሬ አንዴም እኮ ጓ አላለም!" አለ ሙከሚል። "ምን ጨመሩበት?"

"ቀነስኩለት።"

"እየቀለዱብኝ ነው?"

"አልቀለድኩም። ያቺ የላዩ ፎቅ ልጅ፣ ኢሊሊ፣ አስተማረችኝ።" አቶ ባጫ ከዚያ በኋላ አፋቸው ተከፈተ። ሞላ ጫፍ ለጫፍ ሲቀጠል ውርዱ እንደሚደመር፣ ጎን ለጎን ሲሆን ጭነቱ እንደሚካፈል፣ ሁሉንም በእጃቸው እያሳዩ አስረዱት። "እይ እንግዲህ ጥቅሙን። መጀመሪያ ብለካ ኖሮ ያን ሁሉ ብረት ፍለጋ ባልዞርኩ፣ ያን ሁሉ ቀን በከንቱ ባልደከምኩ። እኛ ሠፈር እኮ ነገሩ ሁሉ በግምት ነው፤ ስንቱን መኪና በግምት አደንድነን ሹፌሩን ወገቡን አሳመምነው ይሆን! ከእንግዲህ ሳልለካ አልነካም። ወጣቶቹንም ሰብስቤ አሳያቸዋለሁ፤ እሷንም ጠመንጃ ያዥ ድረስ ይዣት እወርዳለሁ፣ ከሰሌዳ ያላዩትን ከብረቱ እንዲያዩት። ከልጅ መማር ነውር ነው ሲባል ነው የኖርነው። ነውሩ ሳያውቁ አውቃለሁ ማለት ነው። ኮከቤም ሕክምናዋን ትጨርሳለች፤ ቢያንስ እጇ ይተርፍላታል።"

ሙከሚል፣ "አቦ ይመችዎት ጋሼ፣ አራዳ ነዎት" አለ። አቶ ባጫም ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አሉ። እዚህ ላይ ባቆም ምክሩም ሞልቶ፣ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ነገር ግን ወይዘሮ ኮከቤ ወጡ።

አልጋው ላይ ከተመቻቹ በኋላ አቶ ባጫ በሩን ሳይዘጉ ቆም አሉ።

"ኮከቤ።"

"አቤት።"

"ዛሬ መንገዱ እንዴት ነበር?"

ወይዘሮ ኮከቤ በዝግታ ወደሳቸው ዞሩ። በዚህ ሁሉ ምልልስ እንዲህ ተብለው ሲጠየቁ የመጀመሪያቸው ነው።

"ደህና ነበር" አሉ። "አልመታኝም።" ቀጥለውም፣ "ባጫ፣ እንዲህ ማድረግ ይቻል ኖሯል?"

አቶ ባጫ ሊዋሹ ይችሉ ነበር። አዲስ ሞላ መጣልኝ ቢሉ ማን ይመረምራቸዋል? አፋቸው ግን እምቢ አለ።

"ይቻል ነበር። እኔ ነኝ ሳላውቅ በጨመርኩ ቁጥር ያባስኩብሽ።"

"አውቄዋለሁ።"

"ምኑን?"

"በጨመርክ ቁጥር እንደሚብስ። ሞላ ይዘህ ስትመጣ ሳይ ልቤ ይርድ ነበር።"

"ወይኔ! ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?"

"ዝናብ ሲወርድብህ ውለህ፣ እጅህ ደም በደም ሆኖ፣ ለኔ ብለህ እየደከምክ ምን ልበልህ? ደስ ብሎህ ነበር የምትመጣው" አሉ ወይዘሮ ኮከቤ። "ደግሞም አልጠየቅከኝም።"

ሙከሚል ሞተሩን ሊያስነሳ የያዘውን ቁልፍ ለቀቀው። አቶ ባጫ የአልጋውን ብረት ያዙ። በልመና ድምፅ፣ "ለሚቀጥለውስ ትመጪያለሽ?" አሉ።

ወይዘሮ ኮከቤ ብረቱን የያዘውን የባላቸውን እጅ አዩት።

"እመጣለሁ" አሉ። "ቀስ ብሎ ይንዳ ብቻ።"

ሙከሚል የፊት ወንበሩን በር ከፈተላቸው፤ አቶ ባጫ ግን አልሄዱም። ከኋላ ገቡና ከአልጋው አጠገብ፣ ባዶው የብረት ወለል ላይ፣ ጀርባቸውን ለብረቱ ሰጥተው ተቀመጡ። እስከ ልደታ ድረስ ያለውን እያንዳንዱን ጉድጓድ በገዛ አጥንታቸው ቆጥረው ገቡ።